የአደራው ጓዳ የተፈተሸበት ክረምት

ባለፈው ጥቅምት የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ ከጎባ ወደ ሮቤ ወርጄ ነበር። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር የሲናና ገበሬዎች ስንዴያቸውን ከጋሪ ያራግፋሉ። እነርሱን አልፌ ስሄድ አንድ ኮርቻ ሻጭ ቅቤ የጠጣ ቆዳ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አገኘሁ። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ አልራመድ አለኝ፤ መቋሚያዬን ተደግፌ እዚያው ቆምሁ።

«እማሆይ፣ በዚህ ዕድሜዎ ፈረስ ሊጋልቡ ነው?» አለኝ ሻጩ እየሳቀ።

«ፈረሱን ለአንተ ትቼዋለሁ፤ ሽታውን ጥቂት ላሽትተው» አልሁት።

«ለሽታው አላስከፍልም፣ ያሽትቱ!»

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሮቤ ገበያ አልነበርሁም። ጎባ፣ ከደብሩ በታች ባለው በአያቴ ቤት፣ ከሳነቴ የሚወርደው ጉም በራፉን በሸፈነበት በዚያ ክረምት ውስጥ ነበርሁ። ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ወይም ሊሞላኝ ተቃርቦ ነበር።

አያቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም «የኔታ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ የእኔም አፍ የለመደው ያንኑ ነበር። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ሰዎች «ሴት ልጅ ዜማ ምን ያደርግላታል?» ሲሏቸው «ጆሮ ሰጥቷታል፤ ባዶውን እንዲቀመጥ ልተወው?» ይሉ ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ረጅም ነበር። ከደብሩ ቅጥር ሲያዜሙ እኔ ከቤታችን ደጃፍ ሆኜ አንዱንም ቃል ሳልስት እሰማቸዋለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው። በውስጠኛው ክፍል፣ አደራ ጓዳ በምንለው፣ የሰፈሩ ሰው አደራ ይቀመጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ዘመድ ጥየቃ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወይም ከገዛ ቤተሰቡ የሚሰውረው ነገር ያለው ሰው ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ ያመጣል። የኔታ በውስጡ ያለውን አይጠይቁም። የሚሰጡት ቃል አንድ ነው፦ ባለቤቱ ሳይኖር አይፈታም። በእሳቸው ቤት ሌባ ይገባል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ፣ በዚያ ክረምት ጓዳው እስከ ወገቤ ድረስ በጥቅል ተሞልቶ ነበር።

ጥቅሎቹን ማናፈስ የእኔ ሥራ ነበር። የጎባ ክረምት እርጥበቱ የቤት ግድግዳ ያሻግታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ የሚቻለኝን አንድ በአንድ እየተሸከምሁ ወደ በረንዳው አወጣቸዋለሁ፤ ሳልፈታ አገላብጬ እመልሳቸዋለሁ። ለእኔ እንግዶች ነበሩ። አንዱ የጥጥ፣ አንዱ የናስ፣ አንዱ የጥቁር አዝሙድ ሽታ ነበረው። እንዳይደብራቸው ብዬ የዕለቱን ትምህርቴን አሰማቸው ነበር።

አንዱን ግን ላነሣው አልችልም ነበር። የጎረቤታችን የአዴ ዘይነባ ነበር። አዴ ዘይነባ ባሏ ሑሴን በዚያው ዓመት በበልጉ ሞቶባት ከትንሹ ልጇ ከጀማል ጋር ብቻዋን ቀርታ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ የነበረው፣ ኋላ እንዳየሁት፣ የሟቹ ኮርቻ ነው። ሑሴን በባሌ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። የሑሴን ታላቅ ወንድም ኦቦ ከድር ደግሞ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ «ኮርቻ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ልጁ እስኪያድግ እኔ ልቀመጥበት» ይል ጀመር። እሷ አንድ ጊዜ ከወሰደው እንደማይመልሰው ታውቃለች። በሰው ፊት ቢጠይቃት ደግሞ የባሏን ታላቅ እንቢ ማለት አይሆንላትም። ስለዚህ «ወደ ዘመድ ልኬዋለሁ» ብላ በሰኔ አንድ ማለዳ በአህያ ጭና ወደ እኛ አመጣችው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማየው፣ አዴ ዘይነባ ዓርብ ዓርብ እየመጣች እጇን በጥቅሉ ላይ አሳርፋ ስታለቅስ ነበር። ጥቅሉ ከባድ ነው፤ ወገቡ ቀጠን፣ ራሱ ቀና ያለ ነው፤ የላብና የቅቤ ጠረን አለው። ስለዚህ በልጅ ልቤ ነገሩን ጨርሼ አወቅሁት፦ በውስጡ ያለው ሑሴን ነው። ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ እንደሚቆዩ የኔታ ስላስተማሩኝ፣ የሚቆዩበት ቦታ የእኛ ጓዳ መሆኑ አላስገረመኝም። ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ሳልፍ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ጀመርሁ።

ነሐሴ ሲጋመስ በገበያው ዳር ከሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የእጅ የስፌት መኪና ጠፋ። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ኦቦ ከድር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «በሰኔ አንድ ከባድ ጥቅል ወደ መሪጌታው ቤት ሲገባ አይቻለሁ፤ አደራ የሚባለው ነገር ይታይ» አለ። መኪናው መቼ እንደጠፋ ሰፊው ራሱ እርግጠኛ አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ ታሞ ተኝቶ ነበርና። ዳኛውም ይህን ሰምቶ የብርበራ ትእዛዝ ፈረመ።

ሲመጡ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ከፊት ሃምሳ አለቃ ደጉ ነው፤ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ፣ እሑድ እሑድ በቅዳሴ ከአያቴ ኋላ የሚቆም ሰው። አንድ ወጣት ፖሊስ ይከተለዋል። ከእነሱ በስተኋላ ሰፈሩ አለ፤ በሰፈሩ መካከል ደግሞ አለንጋውን የያዘው ኦቦ ከድር አለ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ የመጣሁት ለሥራ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ቤትዎን እንድፈትሽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዣለሁ።»

«ትእዛዝ ከሆነ ይነበብ።»

«ይነበባል እንጂ፤ ማንበብ መብትዎ ነው» ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

የኔታ ወደ ቤት ገብተው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከበራፉ ላይ ቆሙና በቤተ ክርስቲያን ንባብ፣ በሚወርደው ወርደው፣ በሚነሣው ተነሥተው፣ ወረቀቱን ከመነሻው እስከ ማኅተሙ አነበቡት። የማን ቤት እንደሚፈተሽ፣ የሚፈለገው አንድ ጥቁር የእጅ የስፌት መኪና እንደሆነ፣ ፍተሻው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው እንደሚደረግ ይናገራል። የዳኛውን ስም የመጨረሻ ፊደል ረዘም አድርገው ሲያሳርፉ፣ ነገሩ ያለቀ ስለመሰለኝ እኔ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልሁ።

ከሕዝቡ መካከል አዴ ዘይነባ ሳታስበው «አሚን» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወጣቱ ፖሊስ ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የኔታ፣ አሜን የሚባልበት እንኳ አልነበረም» አለ ሃምሳ አለቃው ከንፈሩን ነክሶ።

«በዚህ ቤት ቆሞ የተነበበ ሁሉ አሜን ይባልበታል፤ ልጅቱ አላጠፋችም። ሰዓቱን ግን አይተኸዋል?»

ሃምሳ አለቃው የእጅ ሰዓቱን አየ። «ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ጀምሬ በጨለማ የምቀጥልበት ሥልጣን የለኝም። ጠዋት እመለሳለሁ፤ ይህ ልጅ ግን በር ላይ ያድራል» አለ ወደ ወጣቱ ፖሊስ እየጠቆመ።

«ሌሊት ቢያወጡትስ?» አለ ኦቦ ከድር።

«ልጁ የሚያድረው ኮከብ ሊቆጥር መሰለህ?»

«እንግዲያው እኔም አብሬው አድራለሁ! ጥቅሉን ያየሁት እኔ ነኝ!»

«ደስ ካለህ እደር፤ ብርዱን ትካፈሉታላችሁ።»

ሰዉ ሲበተን አዴ ዘይነባ በጓሮ በኩል መጣች። እኔ ከየኔታ ጉልበት ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ።

«የኔታ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ልውሰደው። ነገ ከተፈታ ከድር ያየዋል። በሰው ፊት 'ስጪኝ' ካለኝ አፌ ይታሰራል፤ ያውቃሉ። ጀማል እግሩ እርካብ እስኪደርስ ብዬ ነበር የለመንሁዎት።»

«ዘይነባ፣ ሃምሳ አለቃው አምኖኝ ሄዷል። የራስሽን ዕቃ እንደ ሌባ በቀዳዳ ታወጪዋለሽ?»

«ታዲያ ሊፈቱት ነው?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ጓዳው መለሱ። ፖሊሱን ቢከለክሉ የዳኛን ትእዛዝ መናቅ ነው፤ ቢፈቅዱ ደግሞ የሰጡት ቃል ይፈርሳል፤ ኮርቻውም የጀማል መሆኑ ያበቃል። በመጨረሻ «እስኪ ይንጋ» ብቻ አሏት። እሷም ዓይኗን አብሳ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በር ላይ ለሚያድሩት ሁለት ሰዎች በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሳሕን ላከች። ኦቦ ከድር ማን እንደላከው ሳይጠይቅ ከፖሊሱ እኩል በላ።

እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር አስብ ነበር። በመጨረሻው ቀን የተሰወረው ሁሉ እንደሚገለጥ፣ መጻሕፍት ተከፍተው እንደሚነበቡ ተምሬያለሁ። ወረቀቱ ተነቧል፤ ጥቅሎቹ ሊገለጡ ነው፤ ሑሴንም ሊነሣ ነው። ስለዚህ ሲነጋ በዚያ በረዶ በሚመስል ውኃ አንገቴንና እግሬን ታጥቤ፣ ለበዓል የምለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁና ወጣቱን ፖሊስ «መለከቱን ማን ነው የሚነፋው?» ብዬ ጠየቅሁት።

እሱና ኦቦ ከድር አንድ ቡልኮ ለብሰው ተቃቅፈው ነበር ያደሩት። ፖሊሱ ዓይኑን እያሸ «ምን መለከት?» አለኝ።

«ለትንሣኤው።»

«እኅቴ፣ እኔ ፉጨት እንኳ አልችልም» አለኝ።

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቋርጥ። አሁን የእኅቴ ልጅ ልጆች «ፖሊስ ቤት ሲመጣ ምን ይደረጋል?» እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ አንዱ በር መዝጋት ነው ይላል፣ ሌላው ሁሉን ከፍቶ ዝም ማለት ነው ይላል። እኔ የማውቀው የዚያን ዕለት ያየሁትን ነው። ማን እንደሆኑ በጨዋነት ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ይነበባል፤ የየትኛው ቤትና የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ይታያል። በጉልበት መከልከል የለም፤ ከተጻፈው በላይ ማስወሰድም የለም። በእርግጥ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛ እየተባረረ ቤት ሲገባና ይህን በመሰለ ጊዜ ወረቀት እንደማይጠበቅ ሃምሳ አለቃው ራሱ ለአያቴ ነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ወረቀት የማይጠየቅበትን ዘመንም አይቻለሁ። ስለዚያ አሁን አልጽፍም።

ሃምሳ አለቃ ደጉ ሲመጣ ፀሐይ የጥዶቹን ጫፍ ነክታ ነበር። «ሕጉ ከተቻለ ገለልተኛ ሰው እንዲያይ ይፈልጋል፤ ማን ይግባ?» አለ።

«እኔ!» አለ ኦቦ ከድር ጭኮውን ከጢሙ እየጠረገ።

«ጠቋሚው አንተ፣ ምስክሩም አንተ? ዳኝነቱንም ጨምርበትና እኔ ሄጄ ልተኛ።»

ሰዉ ሳቀ። ከእኛ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ሼህ አደም ተመረጡ። ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ ሲራመድ ሕዝቡም እንደ ልማዱ አብሮ ተንቀሳቀሰ። በቤታችን ደጅ ቆሞ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረምና፣ ቀድመውት የገቡም ነበሩ። ያን ጊዜ የኔታ መቋሚያቸውን በበራፉ ላይ አጋደሙ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ወረቀት የሚያስገባው እነማንን ነው?»

«እኔን፣ ይህን ልጅና ምስክሩን። ሌላው በእርስዎ ፈቃድ ነው።»

«ሰፈሩን አያስገባም?»

«የኔታ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ትእዛዜ ሕዝብ አስገባ አይልም።»

«እንግዲያው ወገኖቼ፣ ዛሬ አልፈቀድሁም» አሉ የኔታ። ሰው ሲመልሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የገቡት አንድ በአንድ ወጡ። ኦቦ ከድር ግን ከበራፉ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔም?»

«አንተም፣ ከድር። ምሳ እዚሁ ትበላለህ፤ ጓዳዬን ግን አታይም።»

ጓዳው ውስጥ ወጣቱ ፖሊስ ከላይ ያገኛትን ትንሽ ጥቅል አንሥቶ ገመዷን መፍታት ጀመረ።

«የስፌት መኪና በእሷ ውስጥ ይገባል?» አለው ሃምሳ አለቃው።

«አይገባም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ልትፈልግባት ነው? አስቀምጣት።»

የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ። ሃምሳ አለቃው ጥቅሎቹን በዓይኑ እየለካ፣ አንዳንዱን እያነሣ፣ መኪና የማይይዘውን ሁሉ ሳይፈታ ወደ አንድ ወገን አደረገ። ጓዳው ባዶ እየሆነ ሄዶ በመጨረሻ ያ ትልቁ ብቻ ቀረ። ሃምሳ አለቃው ሊያነሣው ሞከረና ወገቡን ያዘ።

«የኔታ፣ ይህ ሊይዘው ይችላል። መፍታቴ አይቀርም።»

«መፍታትህን አልከለክልም። ባለቤቷ ሳትኖር እንዳይፈታ ግን ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቃልዎን የሚያፈርስ ትእዛዝ አልያዝሁም። ትጠራ፤ እንጠብቃለን።»

እኔ ተላክሁ። አዴ ዘይነባ ከደጃፏ ቆማ ነበር። እጇን ይዤ በጆሮዋ «አዴ፣ ሲነሡ እንዳይበርዳቸው ልብስ ይያዙላቸው» አልኋት።

«ለማን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ለጀማል አባት።»

ተንበርክካ አቀፈችኝ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስካሁን አላውቅም። በሰዉ መካከል ስናልፍ ኦቦ ከድር «በነጠላዋ ሥር አድርጋ ብታወጣውስ? ይፈተሽ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«የስፌት መኪና በነጠላ ሥር?» አለ ሃምሳ አለቃው ከበራፉ። «ደግሞም ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። ወንድ እጁን አይዘረጋባትም፤ አንተም ምላስህን።»

በሩ ተዘጋ። አዴ ዘይነባ «ቢስሚላሂ» ብላ ገመዱን በገዛ እጇ ፈታች። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ሑሴን የለም። በጨርቁ መካከል፣ ከመስኮቱ በገባው ብርሃን፣ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ ናሱ እያብለጨለጨ ኮርቻ ተቀምጧል።

ሃምሳ አለቃው ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህን የሠራው ማን ነው?» አለ በሹክሹክታ፤ እጁ ሳያስበው በእርካቡ ላይ ሄደ። ከዚያ ትእዛዙን አስታውሶ ጉሮሮውን ጠረገና ከሥሩም፣ ከጎኑም በሥርዓት አየ።

«ሼህ አደም፣ ይህ የስፌት መኪና ነው?»

ሼህ አደም ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ ዳሰሱት። «ወላሂ፣ አይደለም» አሉ።

እኔ ግን ማልቀስ ጀመርሁ። የኔታ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «አልተነሡም» አልኋቸው። አዴ ዘይነባ ወደ ጉያዋ ሳበችኝ፤ ለጊዜው ከእሷ በቀር የገባው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃው በጉልበቱ ላይ ጻፈ፦ የተፈለገው ዕቃ አልተገኘም፤ የተወሰደም ዕቃ የለም። ሼህ አደም በዓረብኛ ፈረሙ።

«ኮርቻውስ አይጻፍም?» አሉ የኔታ።

«የታዘዝሁት የስፌት መኪና ፈልገህ ያዝ ተብዬ ነው። ኮርቻ መያዝም ሆነ ማውራት በወረቀቱ ላይ የለም።»

አዴ ዘይነባ ጥቅሉን መልሳ አሰረች። በሩ ሲከፈት ኦቦ ከድር አንገቱን አሰገገ።

«ያ ትልቁስ? ምን ነበረበት?»

«የስፌት መኪና አልነበረበትም።»

«እሱንማ ሰማሁ! ምን ነበረበት ነው የምልህ።»

«ያልኩህ ነው። ሌላው የአደራው ባለቤትና የየኔታ ነው።»

ኦቦ ከድር ወደ ሼህ አደም ዞረ። «ሼህ፣ እርስዎ አይተዋል!»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ከድር» አሉ ሼህ አደም መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ። «አለመሆኑን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሰፈሩ ሳቀ። ኦቦ ከድር ተቆጥቶ ሊሄድ ሲል የኔታ እጁን ይዘው ለምሳ አስቀሩት። የስፌት መኪናውም ከጥቂት ቀናት በኋላ በአጋርፋ ተገኘ፤ ሰፊው ታሞ ሳለ የሚስቱ ወንድም ለሥራ ወስዶት ኖሯል።

ጳጉሜን ሲገባ፣ ዝናቡ ያረፈበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦቦ ከድር መጣ። ብቻውን ነበር። በብብቱ ሥር በሦስት ቋጠሮ የታሰረ ጥቅል ይዟል።

«አካም ኦልተኒ፣ የኔታ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው እሱ?» አሉና ወዲያው እጃቸውን አነሡ። «ተው፣ አትንገረኝ።»

«ከሚስቴም ከልጆቼም የማልፈልገው… ማለቴ፣ እንዲያዩት የማልፈልገው ነው። ፖሊስ ቢመጣስ?»

«ወረቀቱ ይነበባል፤ አንተም ትጠራለህ።»

«ሰፈሩስ?»

«ከደጅ ይቆማል።»

ጥቅሉን ሰጣቸው፤ እሳቸው ለእኔ ሰጡኝ። የጓዳው በር ከኦቦ ከድር ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ያ ትልቁ ጥቅል ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። እጄን ወደ መቀርቀሪያው ስሰድ፣ ኦቦ ከድር ማንም ሳያዘው ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግቢው ዞረ። አለንጋውን በሁለት እጁ ከኋላው ይዞ፣ የረጠበውን አጥር እያየ ቆመ።

«ዘጋሽ?» አለኝ።

«ዘጋሁ።»

ያን ጊዜ ተመልሶ ዞረ።